ስሕተት የመልሱ አካል ሲሆን፦ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚያስተምረን ጥንቃቄ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲገቡ ቶሎ የማይለምዱት አንድ ደንብ አለ። ተማሪው የፔንዱለምን ውዝዋዜ በሰዓት ለክቶ የመሬት ስበት አክስለሬሽን 9.8 ሜትር በሰኮንድ ካሬ ነው ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ነጥብ አንሰጠውም። «ይህን ቁጥር ምን ያህል ታምነዋለህ?» ብለን እንጠይቀዋለን። መልሱን 9.8 ± 0.1 ብሎ ሲጽፍ ግን ሥራው የተሟላ ይሆናል፤ የቁጥሩን ድክመት ከቁጥሩ ጋር አብሮ አስረክቦናልና። ጥርጣሬው በተማሪው ልብ ውስጥ አልቀረም፤ የመልሱ አካል ሆኗል።

ይኸው ተማሪ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ ደንቡን የሚረሳው ይመስላል። የሚጽፈው ፕሮግራም ቁጥር ይቀበላል፤ ቁጥር ይመልሳል። ፕሮግራሙ ሥራውን መፈጸም ቢያቅተው «አልቻልኩም» የሚልበት ስፍራ አልተዘጋጀለትም። ስለዚህ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ሥራውን በድንገት አቋርጦ ይወድቃል።

ይህ ጽሑፍ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ በሚባለው የአሠራር ስልት ውስጥ ለዚህ ችግር የተገኘውን መፍትሔ ለማስረዳት ይሞክራል። መፍትሔው በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድ ሥራ ሊከሽፍ የሚችል ከሆነ መክሸፉ የመልሱ አንድ ክፍል ሆኖ በግልጽ ይጻፍ። አንባብያን ይህን ለመከታተል ፕሮግራም የመጻፍ ረጅም ልምድ አያስፈልጋቸውም፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩት የፈንክሽን ትርጉም ይበቃቸዋል።

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። በፊዚክስ «ስሕተት» ስንል ብዙውን ጊዜ የአንድ ልኬት እርግጠኛ አለመሆን ማለታችን ነው። እዚህ ግን ቃሉ መክሸፍን ያመለክታል፤ ይኸውም ያልተገኘን ፋይል፣ ሊነበብ ያልቻለን ጽሑፍ፣ በዜሮ ማካፈልን፣ የተቋረጠን መስመርና ይህን የመሳሰለውን ሁሉ ነው። ሁለቱ ነገሮች ይለያያሉ፤ የሚጠይቁት ሐቀኝነት ግን አንድ ነው።

የአንዲት ቁጥር መዘዝ

ለዶክትሬት ዲግሪ በውጭ አገር በምንማርበት ጊዜ የገጠመንን እንናገር። ከሥራችን አንዱ የቤተ ሙከራውን ሙቀት በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ያወጣውን ፋይል አንብቦ የወሩን አማካይ ማስላት ነበር። ፕሮግራሙን በፎርትራን ጻፍነው፤ አማካዩም 19.58 ዲግሪ ሴልሲየስ ሆነ። ቁጥሩ የሚያጠራጥር አልነበረምና የሚቀጥሉትን ሳምንታት ስሌቶች ሁሉ በእርሱ ላይ መሠረትን። ውጤቱ ከቲዎሪው ጋር አልገጥም ሲለን ጥፋቱን በመሣሪያው፣ በናሙናው፣ በቲዎሪውም ጭምር ፈለግነው። በመጨረሻ ፋይሉን በዓይናችን መስመር በመስመር ስናነብ ከ720 ንባቦች መካከል አንዲት -999 አገኘን።

ነገሩ ሲጣራ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ሽቦው ተላቅቆ ሙቀቱን መለካት ባልተቻለ ጊዜ -999 እንዲጻፍ ወስነው ኖሯል። እንዲህ ያለውን ምልክት በአየር ጠባይ መዝገቦች ውስጥም ማግኘት የተለመደ ነው። ፕሮግራማችን ግን የመሣሪያውን መመሪያ አላነበበም፤ ለእርሱ -999 እንደ 21 ሁሉ ቁጥር ነው። የቀሩት 719 ንባቦች አማካይ 21 ዲግሪ፣ ድምራቸውም 15,099 ነበር። አንዲቱ ንባብ ገብታ ድምሩን ወደ 14,100 አወረደችው፤ ይህም ለ720 ሲካፈል 19.58 ይሆናል።

አማካዩ ከዜሮ በታች 182 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ወዲያውኑ በነቃን ነበር። የጎዳን ነገር መልሱ የሚታመን መሆኑ ነው። ጮኾ የሚወድቅ ፕሮግራም አንድ ቀን ያባክናል፤ ዝም ብሎ የሚሳሳት ፕሮግራም ግን የወራት ድካምን ያበላሻል። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገርም ይሠራል።

የቆዩት መንገዶችና ጉድለታቸው

ፕሮግራመሮች መክሸፍን ለማስታወቅ ከጥንት ጀምሮ የተለያዩ መንገዶችን ሲጠቀሙ ቆይተዋል። የመጀመሪያው አሁን ያየነው ነው፤ ከመልሶች መካከል አንዱን መርጦ «ይህ መልስ አይደለም» የሚል ትርጉም መስጠት። ጉድለቱ ግልጽ ነው። ምልክቱ ቁጥር ስለሆነ ይደመራል፣ ይባዛል፣ ይካፈላል፤ ትርጉሙን የሚያውቀው ደግሞ ምልክቱን የመረጠው ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ናል» የሚባለው ባዶ ጠቋሚ ነው። እንግሊዛዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 አልጎል ደብልዩ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የዓይነት ሥርዓት ሲነድፍ ናልን አስገባ። ከ44 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባደረገው ንግግር፣ ይህን ውሳኔውን የቢሊዮን ዶላር ስሕተት ሲል ጠርቶታል። ናል በገባበት ቋንቋ አንድ ፈንክሽን «የተማሪ መዝገብ እመልሳለሁ» ቢል የሚመልሰው መዝገብ ይሁን ባዶ ነገር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ተቀባዩ በየጊዜው መጠርጠር አለበት፤ አንድ ቀን መጠርጠሩን ከረሳ ፕሮግራሙ ይወድቃል።

ሦስተኛው ለፊዚክስ ተማሪዎች ይበልጥ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የአስርዮሽ ቁጥሮች ስሌት ስታንዳርድ መሠረት ኮምፒዩተር ዜሮን ለዜሮ ሲያካፍል ወይም የኔጋቲቭ ቁጥርን ስኩዌር ሩት ሲያሰላ «ናን» የተባለ ልዩ ዋጋ ይሰጣል፤ ትርጉሙም «ቁጥር ያልሆነ» ማለት ነው። ናን ላይ ማንኛውንም ቁጥር ብንደምር መልሱ ናን ነው። ይህ ከ-999 እጅግ ይሻላል፤ ስሕተቱ እንደ ትክክለኛ ቁጥር ተመስሎ አያልፍምና። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል። የመጀመሪያው፣ ናን የት እንደተወለደና ለምን እንደተወለደ አይናገርም። ሁለተኛው፣ ፈንክሽኑ ናን ሊመልስ እንደሚችል በመግለጫው ላይ አልተጻፈም።

አራተኛው «ኤክሴፕሽን» የሚባለው ነው። ይህን በመሥሪያ ቤት ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ጸሐፊ ሊፈጽመው የማይችለው ፋይል ሲደርሰው ፋይሉን ወደ ላይ ወርውሮ ከወንበሩ ይነሣል እንበል። ከኃላፊዎቹ አንዱ ከቀለበው መልካም ነው፤ አንድም ሰው ካልቀለበው ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይዘጋል። የጸሐፊው የሥራ መዘርዝር «ፋይል እቀበላለሁ፤ ፋይል አስረክባለሁ» ይላል እንጂ «አንዳንዴም እወረውራለሁ» አይልም። ስለዚህ ከላይ ያለው ኃላፊ መቅለብ እንዳለበት የሚያውቀው በልምድ ወይም በአደጋ ነው።

አሪያን 5

የኤክሴፕሽን አያያዝ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማየት ወደ አንድ የታወቀ አደጋ እንለፍ። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ፈረንሳይ ጊያና ውስጥ ከሚገኘው የኩሩ ማስወንጨፊያ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። የጫነው ክላስተር የተባሉ አራት ሳተላይቶችን ነበር። የተሠሩትም የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ከፀሐይ ከሚነፍሰው የቅንጣቶች ጎርፍ ጋር የሚገናኝበትን ሁኔታ ለማጥናት ነው። ዋናው ሞተር መለኮስ ከጀመረ ከ37 ሰኮንድ ገደማ በኋላ፣ በ3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሮኬቱ ከመንገዱ ወጥቶ ተሰባበረና ፈነዳ።

በፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ በዣክ ሉዊ ሊዮንስ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የምርመራ ቦርድ መነሻውን በሶፍትዌሩ ውስጥ አገኘው። የሮኬቱን አቅጣጫና ፍጥነት የሚከታተለው ኮምፒዩተር ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ባለ 64 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሊለውጥ ሞከረ። ባለ 16 ቢቱ ሣጥን ሊይዝ የሚችለው ከ-32,768 እስከ 32,767 ያለውን ብቻ ነው። ቁጥሩ ከዚህ በለጠ፤ ኤክሴፕሽን ተነሣ፤ የሚቀልበው አልነበረም። የሥርዓቱ ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲደርስ ኮምፒዩተሩ እንዲዘጋ ያዝ ነበር።

መጠባበቂያ ኮምፒዩተር አልነበረምን? ነበረ፤ ግን ያንኑ ሶፍትዌር ይዞ ያንኑ ስሌት ይሠራ ስለነበር ከዋናው ከሰኮንድ ክፍልፋይ አስቀድሞ በዚያው ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ከዚህም የባሰው ቀጥሎ የሆነው ነው። ዋናው መሣሪያ ከመዘጋቱ ጋር የብልሽቱን ዓይነት የሚገልጽ መረጃ ላከ፤ ሮኬቱን የሚመራው ኮምፒዩተር ግን ያን የብልሽት መልእክት እንደ እውነተኛ የበረራ ልኬት አነበበው። በዚህም ምክንያት ሮኬቱ ጨርሶ ያልተሳሳተውን መንገዱን ሊያርም ሞተሮቹን በኃይል አዞረ።

አንባብያን ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከየት እንደሚመጣ ሳያስተውሉ አይቀሩም፤ -999 እንደገና መጣ። የስሕተት ማስታወቂያው እንደ ልኬት ተቆጠረ። ልዩነቱ እኛ የጥቂት ሳምንታት ሥራ ስናጣ እነርሱ አንድ ሮኬትና አራት ሳተላይቶች ማጣታቸው ነው። ክላስተሮቹ እንደገና ተሠርተው የመጠቁት እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር።

ቀስቱ የሚገባው ቃል

አሁን ወደ ፈንክሽን ትርጉም እንመለስ። በሂሳብ ትምህርት ፈንክሽን ማለት በዶሜይኑ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ አባል ከሬንጁ አንድና አንድ ብቻ መልስ የሚሰጥ ደንብ ነው። «ለእያንዳንዱ» የሚለውን ቃል እናስምርበት። አንድ ፈንክሽን

ስኩዌር ሩት ፦ ቁጥር → ቁጥር

ተብሎ ሲጻፍ ቀስቱ ቃል ኪዳን ነው፤ «ማንኛውንም ቁጥር ስጡኝ፣ ቁጥር እመልሳለሁ» ይላል። በሪል ቁጥሮች ዓለም ግን -4 ስኩዌር ሩት የለውም። ስለዚህ ቀስቱ ዋሽቷል። ከላይ የዘረዘርናቸው መንገዶች ሁሉ ከዚህ ውሸት የሚመነጩ ናቸው።

የሂሳብ ሰው ውሸቱን የሚያርመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዶሜይኑን ማጥበብ ነው፤ «ኔጋቲቭ ያልሆነ ቁጥር ብቻ እቀበላለሁ» ማለት። ሁለተኛው ሬንጁን ማስፋት ነው፤ «መልሴ ቁጥር ወይም ምክንያት ነው» ማለት። ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ሁለቱንም ይጠቀማል፤ የስልቱም ዋና ጠባይ ፈንክሽንን በሂሳባዊ ትርጉሙ በቁም ነገር መያዙ ነው።

የስልቱ ሥር አሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ አሎንዞ ቸርች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባፈለቀው የላምዳ ካልኩለስ ውስጥ ይገኛል። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ጀመረ። በ1970ዎቹ ሮቢን ሚልነርና ባልደረቦቹ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ኤምኤል የተባለውን ቋንቋ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሃስኬል ወጣ። ከዚህ በታች የምናየው መንገድ በእነዚህ ቋንቋዎች ቤት ያደገ ነው።

«ሰመረ» እና «ከሸፈ»

ከአንድ ትክክለኛ የፕሮግራም ቋንቋ ይልቅ ለአንባቢ እንዲመች በአማርኛ ቃላት እንጻፍ። «ውጤት» የሚባል አዲስ ዓይነት እንፈጥራለን፤ ሁለት መልክ ብቻ አለው።

ውጤት = ሰመረ(ዋጋ) ወይም ከሸፈ(ምክንያት)

ውጤትን የታሸገ ፖስታ አድርገን ልናስበው እንችላለን። በፖስታው ላይ «ሰመረ» ወይም «ከሸፈ» የሚል ማኅተም አለ። ማኅተሙን ሳያይ ማንም ሰው በውስጡ ያለውን ሊወስድ አይችልም። ሃስኬል ይህን ዓይነት «ኢዘር» ይለዋል፤ የከሸፈው በግራ፣ የሰመረው በቀኝ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ቀኝ የሚለው ቃል ትክክል ማለትም ስለሆነ ነው። «ቀኝ ያውላችሁ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር ይህ ስያሜ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

አሁን የፔንዱለሙን ተማሪ እንርዳ። የፔንዱለሙ ርዝመት 1 ሜትር ነው። ተማሪው አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የፈጀውን ጊዜ በጽሑፍ ያስገባል፤ ፕሮግራሙም የስበቱን አክስለሬሽን ያሰላል። ሥራው ሦስት ደረጃዎች አሉት።

አንብብ ፦ ጽሑፍ → ውጤት(ቁጥር)
አረጋግጥ ፦ ቁጥር → ውጤት(ቁጥር)
ስበት ፦ ቁጥር → ውጤት(ቁጥር)

«አንብብ» ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ተማሪው «ሁለት ሰኮንድ» ብሎ በፊደል ከጻፈ ከሸፈ(«ቁጥር አይደለም») ይላል። «አረጋግጥ» ጊዜው ከዜሮ የሚበልጥ መሆኑን ያያል። «ስበት» ደግሞ 39.48ን ለጊዜው ካሬ ያካፍላል፤ 39.48 የፓይ ካሬ በ4 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ተማሪው 2.00 ካስገባ መልሱ ሰመረ(9.87) ይሆናል።

የመካከለኛው ደረጃ ጥቅም እንዳያመልጠን። ተማሪው በስሕተት -2.00 ቢጽፍ ጊዜው ካሬ ሲሆን ኔጋቲቩ ይጠፋል፤ መልሱም 9.87 ሆኖ ይወጣል። ትርጉም የሌለው ልኬት እጅግ የሚያምር መልስ ሰጠ ማለት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ስሕተቱ መያዝ ያለበት ገና በበሩ ሲገባ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ገና አልተነገረም። ተማሪው አንብብ(«2.00») የሰጠውን መልስ በቀጥታ በ3 ሊያባዛ ቢሞክር፣ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አይፈቅድለትም። «ይህ ፖስታ እንጂ ቁጥር አይደለም» ይለዋል። ፖስታውን ሲከፍትም ለ«ሰመረ» ብቻ ጽፎ ለ«ከሸፈ» መልስ ካላዘጋጀ፣ ቋንቋው እንደ ጥብቅነቱ ያስጠነቅቀዋል ወይም ፕሮግራሙን አልቀበልም ይለዋል። መመሪያውን ያላነበበ ሰው እንኳ ስሕተቱን ረስቶ ማለፍ አይችልም። -999 ሊሰጠን ያልቻለው ዋስትና ይህ ነው።

«ከዚያም»

አንድ ቅሬታ እንደሚነሣ እንገምታለን። በየደረጃው ፖስታ መክፈት፣ ማኅተም ማየት፣ መልሶ ማሸግ አድካሚ አይደለምን? ሦስት ደረጃ ሲሆን ይቻል ይሆናል፤ ሠላሳ ሲሆንስ?

ቅሬታው ትክክል ነው፤ መልሱም የዚህ ስልት ውበት ያለበት ስፍራ ነው። ሥራው በየደረጃው አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፈን ስም እንስጠው። ስሙን «ከዚያም» እንበለው።

ሰመረ(ዋጋ) ከዚያም ፈንክሽን = ፈንክሽን(ዋጋ)
ከሸፈ(ምክንያት) ከዚያም ፈንክሽን = ከሸፈ(ምክንያት)

የመጀመሪያው መስመር፣ እስከ አሁን ከሰመረ ዋጋውን አውጥተህ ወደሚቀጥለው ደረጃ አሳልፍ ይላል። ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ ከከሸፈ የሚቀጥለውን ደረጃ አትጥራው፤ ምክንያቱን ሳትነካ ወደ ፊት አስተላልፍ ይላል። በእነዚህ ሁለት መስመሮች ሙሉው ፕሮግራም እንዲህ ይጻፋል፦

ስሌት(ጽሑፍ) = አንብብ(ጽሑፍ) ከዚያም አረጋግጥ ከዚያም ስበት

በእጃችን እንከተለው። «2.00» ሲገባ፦ ሰመረ(2.00)፣ ከዚያም ሰመረ(2.00)፣ ከዚያም ሰመረ(9.87)። «0» ሲገባ፦ ሰመረ(0)፣ ከዚያም ከሸፈ(«ጊዜው ከዜሮ አይበልጥም»)፤ «ስበት» ጨርሶ አይጠራም፣ በዜሮ ማካፈልም አይደርስም። «ሁለት ሰኮንድ» ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከሸፈ(«ቁጥር አይደለም») ይሆንና ይኸው ምክንያት እስከ መጨረሻው ይደርሳል። የፕሮግራሙ ዋና መስመር መልካሙን መንገድ ብቻ የሚተርክ ይመስላል፤ የክሽፈቱ መንገድ ግን ከጎኑ ሳይቋረጥ አብሮ ይሄዳል።

ናንን የሚያስታውሱ አንባብያን ዝምድናውን ሳያዩ አይቀሩም። ክሽፈቱ ልክ እንደ ናን ራሱን እስከ መጨረሻው ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ከናን በተለየ ምክንያቱን ይዞ ይጓዛል፤ ሊመጣ እንደሚችልም በቀስቱ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። «ከዚያም» ያልነው ነገር በሂሳብ ውስጥ «ሞናድ» ከሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው ኤውጄንዮ ሞጂ ሞናድ የፕሮግራሞችን ትርጉም ለመግለጽ እንደሚያገለግል አሳየ፤ ፊሊፕ ዋድለርም በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ሥራ ላይ እንዲውል አደረገው። ስሙ ብዙ ተማሪዎችን ያስፈራል፤ ከላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች የተረዳ ግን የፍሬ ነገሩን አንድ ምሳሌ በእጁ ይዟል።

አንድ በአንድ ወይስ ሁሉንም ባንድ ጊዜ?

«ከዚያም» መጀመሪያ በደረሰበት ክሽፈት ላይ ይቆማል። ይህ ሁልጊዜ የሚፈለግ ነውን? ፎርም ይዞ ወደ መመዝገቢያ መስኮት የሄደ ተማሪ መልሱን ያውቀዋል። ተሰልፎ ሲደርስ «ፎቶግራፍ ይጎድላል» ተብሎ ይመለሳል። ፎቶግራፉን ይዞ ሲመጣ «ማኅተም የለውም» ይባላል። ማኅተሙን አስመትቶ ሲመለስ «ኮፒው አንድ ብቻ ነው» ይባላል። ሦስቱን ጉድለቶች በመጀመሪያው ቀን መናገር ይቻል ነበር፤ ተማሪውም ሦስት ቀን ባልተሰለፈ ነበር።

ልዩነቱ በደረጃዎቹ ግንኙነት ላይ ነው። «አረጋግጥ» ያለ «አንብብ» መልስ ሊሠራ አይችልም፤ ያልተነበበ ቁጥር አይፈተሽምና። ስለዚህ በዚያ በመጀመሪያው ክሽፈት መቆም ግዴታ ነው። የፎቶግራፉ፣ የማኅተሙና የኮፒው ፍተሻ ግን አንዱ የሌላውን መልስ አይጠብቅም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁሉም ፍተሻዎች ይካሄዳሉ፤ የከሸፉትም ምክንያቶች በአንድ ዝርዝር ይሰበሰባሉ፦

ከሸፈ(«ፎቶግራፍ የለም»፣ «ማኅተም የለም»፣ «ኮፒው አንድ ነው»)

ክሽፈት ተራ ዋጋ ስለሆነ እንደማንኛውም ዋጋ ልንደምረው፣ ልንዘረዝረው፣ ልንቆጥረው እንችላለን። ወደ ላይ የተወረወረን ፋይል ግን እንዲህ ማድረግ አስቸጋሪ ነው፤ መጀመሪያ የተወረወረው ሥራውን ስለሚያቋርጠው የቀሩት ጉድለቶች አይታዩም።

ይህ መንገድ የማይፈታው

አንድን መሣሪያ ከሚገባው በላይ ማሞገስ የሳይንስ ልማድ አይደለምና ወሰኑንም እንናገር።

አንደኛ፣ ውጤት የተባለው ዓይነት የሚጠብቀን አስቀድመን ከገመትነው ክሽፈት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ስትደርስ ጠፋች። ምክንያቱ በምድር ላይ ያለ አንድ ሶፍትዌር የግፊትን መጠን በፓውንድ-ሰኮንድ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ክፍል በኒውተን-ሰኮንድ እንደሆነ አድርጎ መቀበሉ ነው። በሁለቱ መካከል 4.45 እጥፍ ልዩነት አለ። እዚህ ምንም የከሸፈ ነገር አልነበረም፤ ቁጥሩ ሁሉ «ሰመረ» የሚል ማኅተም ይዞ ያልፍ ነበር። ለዚህ የሚረዳው ሌላኛው መንገድ፣ ዶሜይኑን ማጥበብ ነው። ኒውተንና ፓውንድ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ይሁኑ፤ ኮምፓይለሩም እንዳይደባለቁ ይከልክል። ኤፍ-ሻርፕ የተባለው ፈንክሽናል ቋንቋ የልኬት አሃዶችን በዚህ መልክ ያስተናግዳል።

ሁለተኛ፣ ፖስታውን በኃይል መቅደድ ይቻላል። እነዚህ ቋንቋዎች «ሰምሯል ብለህ አውጣው፤ ካልሰመረ ፕሮግራሙ ይውደቅ» የሚሉ አቋራጮች አሏቸው። ሃስኬል ራሱ እንኳ የዝርዝርን የመጀመሪያ አባል የሚሰጥ፣ ባዶ ዝርዝር ሲደርሰው ግን ፕሮግራሙን የሚያቋርጥ ፈንክሽን ይዞ ኖሯል። የቸኮለ ተማሪ በየቦታው ፖስታ ከቀደደ ያለ ፖስታ ከሚሠራው አይሻልም።

ሦስተኛ፣ ክሽፈት ሁሉ አንድ አይደለም። የተጠቃሚ የጽሑፍ ስሕተት፣ የጠፋ ፋይልና የተቋረጠ መስመር የሚጠበቁ ናቸው፤ በውጤት ሊገለጹ ይገባል። የፕሮግራመሩ የራሱ ጥፋት፣ ለምሳሌ የተሳሳተ ቀመር መጻፍ፣ ግን በፖስታ ታሽጎ የሚያልፍ ሳይሆን ተፈልጎ የሚታረም ነው።

አሁን ወደ አሪያን 5 ተመልሰን ከባዱን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህ መንገድ ሮኬቱን ያድነው ነበርን? በእርግጠኝነት «አዎን» ማለት አይቻልም። የምርመራው ቦርድ እንዳስረዳው መሐንዲሶቹ ነገሩን ጨርሶ አልዘነጉትም። ለዚህ አደጋ የተጋለጡትን ሰባት ቫሪያብሎች ለይተው ለአራቱ መከላከያ አበጁ፤ የኮምፒዩተሩ የሥራ ጫና ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ሲሉም ሦስቱን ተዉ። የተዋቸውም መጠናቸው በፊዚክስ ሕግ የተወሰነ ነው ወይም ሰፊ መተረፊያ አለው በሚል እምነት ነው። እምነቱ ለአሪያን 4 እውነት ነበረ። ሶፍትዌሩ ወደ አሪያን 5 ሲዛወር ግን የአዲሱ ሮኬት የአግድም ፍጥነት ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። እምነቱ በመሐንዲሶቹ ዘንድ ይኑር እንጂ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ላይ አልሰፈረም። የሚያሳዝነው፣ ያ ስሌት በአሪያን 5 ላይ ከተነሣ በኋላ ምንም ጥቅም ያልነበረው መሆኑ ነው።

ለውጡ በ«ውጤት» ዓይነት ቢጻፍ ኖሮ፣ ሶፍትዌሩን የተረከበው ሁለተኛው ቡድን በዚያ መስመር ላይ «ካልገባስ ምን ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ተጽፎ ያገኝ ነበር። ዓይነቱ መልሱን አይሰጠውም፤ ያ የመሐንዲሱ ፋንታ ነው። ሆኖም ጥያቄው ከሰው ማስታወሻ ወጥቶ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይዛወራል።

ማጠቃለያ

ይህ አስተሳሰብ ዛሬ ከፈንክሽናል ቋንቋዎች አጥር ወጥቷል። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ስምንተኛ እትሙ «ምናልባት ባዶ ሊሆን ይችላል» የሚል ዓይነት ጨመረ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ስዊፍትና እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ረስት ደግሞ ነገሩን ከመሠረታቸው ጀምሮ ይዘውታል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፉ ትምህርቱ አያመልጣቸውም።

ለመጀመር አዲስ ቋንቋ መማር ግድ አይደለም። እያንዳንዱ አንባቢ ባለፈው የትምህርት ዘመን የጻፈውን አንድ ፕሮግራም አውጥቶ በየፈንክሽኑ አጠገብ ቀስቱን በእርሳስ ይጻፍ፤ ምን ተቀብሎ ምን ይመልሳል? ከዚያም ለእያንዳንዱ ቀስት «ይህ ሁልጊዜ እውነት ነውን?» ብሎ ይጠይቅ። እውነት ያልሆኑትን ቀስቶች ሲያገኝ ወይ የሚቀበለውን ያጥብብ፣ ወይ የሚመልሰውን ያስፋ።

በቤተ ሙከራ የ± ምልክትን የሚያስከብር ተማሪ ይህን ለማድረግ ሩቅ አይደለም። እኛ ያቺን አንዲት -999 ለማግኘት ሳምንታት ፈጅቶብናል፤ ለአንባብያን የምንመኘው ፕሮግራማቸው «አልቻልኩም» ሲል በመጀመሪያው ቀን እንዲሰሙት ነው።